12ኛው ፍሬት ግማሹ ላይ አልወደቀም፤ የጣት ሰሌዳውን ልጣለው?

ጀማሪ እጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የምትጽፉትን ዝም ብዬ ሳነብ ስድስት ወር ሆነኝ። ዛሬ ግን ጨነቀኝና ልጻፍ አልኩ።

የናይለን ክር ጊታር እየሠራሁ ነው። የመጀመሪያዬ ነው። ማሽን የለኝም፤ መላጊያ፣ መሮ፣ የእጅ መጋዝና ብርጭቆ ወረቀት ብቻ። ማታ ማታ ከሥራ መልስ ጠረጴዛ ላይ ነው የምሠራው። ፊቱ ስፕሩስ፣ ጎንና ጀርባው ዋልነት፣ የጣት ሰሌዳው ዞጲ ነው። ፊቱን 2.4 ሚሊ እስኪደርስ አሳስቼ ከሥሩ የሚደግፉትን ሰባት ቀጫጭን እንጨቶች (ብሬስ) አጣብቄያለሁ። አንገቱ ተጠርቦ አልቋል፤ ከፊቱ ጋር ግን ገና አልተጣበቀም። ጎኖቹም አልታጠፉም።

ችግሩ የጣት ሰሌዳው ላይ ነው። የክሩ ርዝመት ከነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ ከሚያርፍበት) እስከ ሳድል (ሳጥኑ ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት) 650 ሚሊ እንዲሆን ነበር ያሰብኩት። 19ኙን የፍሬት (ክሩ የሚጫንባቸው ቀጫጭን ብረቶች) መስመር በመጋዝ ቆርጬ ጨረስኩ። ትናንት ማታ ደስ ብሎኝ እስቲ 12ኛውን ልለካው አልኩ። የክሩ ግማሽ ላይ ነው መዋል ያለበት፤ 325 ማለት ነው። የኔ 322.6 ላይ ነው ያለው። ሦስቴ ለካሁት። ማስመሪያው ይሆናል ብዬ ሌላ ማስመሪያ አመጣሁ። ያው 322.6።

ፍሬቶቹን ገና አልመታሁም። ሰሌዳውን ጥዬ እንደገና ልጀምር? እውነቱን ንገሩኝ፣ አልቀየምም።

ስድስት ክር፦

ጣለው። ይቅርታ፣ ግን ጣለው። ሳጥኑ ቢንጋደድ፣ ቀለሙ ቢዥጎረጎር ሰው ይለምደዋል። ቅኝቱ የማይገጥም ጊታር ግን ግድግዳ ላይ ከመሰቀል በቀር ለምንም አይሆንም። እኔ አንድ እንደዚህ ያለ አለኝ። አቧራ ሲጠረግ ብቻ ነው ከቦታው የሚነሳው።

አናጺ ነኝ፦

ከመጣሉ በፊት አንድ ጥያቄ። እንዴት ነው የለካኸው? እያንዳንዱን መስመር ከበፊቱ መስመር ተነስተህ ከሆነ፣ የፀጉር ያህል ስህተት 12 ጊዜ ስትደመር ሚሊ ታልፋለች። እኛ ቁም ሳጥን ስንሠራ እንኳ መደርደሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ጫፍ ነው የምንለካው። ማስመሪያው አንዴ ነት ላይ ይጠመዳል፣ እስከ መጨረሻው አይነሳም።

ጀማሪ እጅ፦

አይ፣ ሁሉንም ከነት ነው የለካሁት። ቁጥሮቹን ቀድሜ በወረቀት አወጣኋቸው። የመጀመሪያው 36.1፣ ሁለተኛው 70.2፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል።

ቁጥር ወዳድ፦

ያዝኩህ። በ18 ነው ያካፈልከው፣ አይደል?

650ን ለ18 ስታካፍል 36.11 ነው። መሆን የነበረበት ግን 36.48። እያንዳንዱ ፍሬት ድምፁን በግማሽ ቶን ከፍ ያደርጋል፤ 12 ግማሽ ቶን ደግሞ አንድ ኦክታቭ ነው፤ ኦክታቭ ማለት የክሩ ግማሽ። ስለዚህ 12 ጊዜ ደጋግመህ ስትቀንስ በትክክል ግማሹ ላይ የሚያደርስህ ቁጥር ነው የሚያስፈልገው። ያ ቁጥር 17.817 ነው። ከቀረው ርዝመት ላይ ለ17.817 እያካፈልክ ትቀንሳለህ፤ 36.48፣ ከዚያ 70.92፣ እያልክ 12ኛው ላይ 325 ትደርሳለህ። በ18 ካካፈልክ ግን በየደረጃው ትንሽ ትንሽ ይቀርሃል፤ 12ኛው ላይ ሲጠራቀም 2.4 ሚሊ። እጅህ ምንም አላጠፋም። እንዲያውም በእጅ መጋዝ ይህን ያህል ልክ መቁረጥህ ደንቆኛል። ያጠፋው ቀመሩ ነው።

ጀማሪ እጅ፦

ወይ ጉድ! አዎ፣ በ18 ነው። አንድ የቆየ ወረቀት ላይ ነው ያገኘሁት። «ለ18 አካፍል፣ ቀንስ፣ ድገም» ይላል። ቀላል ሆኖ ስላገኘሁት አመንኩት።

ቁጥር ወዳድ፦

ወረቀቱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፣ አርጅቷል እንጂ። የ18 ነገር የዘመናት ልማድ ነው። ቪንቼንዞ ጋሊሌይ የሚባል የሉት (ጊታር መሰል የክር መሣሪያ) ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1581 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ አስፍሮታል። የጠፈር ተመራማሪው የጋሊሊዮ አባት ነው። አባትየው ክር ሲለካ፣ ልጅየው ኮከብ።

እነሱ ጆሮ ስላልነበራቸው አይደለም በ18 የሠሩት። ክር ፍሬት ላይ ሲጫን ይወጠራል፣ ሲወጠር ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል። የ18ቱ ጉድለት ይህን በከፊል ያካክሰው ነበር። ዛሬ እኛ ፍሬቱን በትክክለኛው ቁጥር ቆርጠን፣ ለውጥረቱ ደግሞ ሳድሉን ትንሽ ወደ ኋላ እናስጠጋለን።

ጋሽ መላጊያ፦

ልጄ፣ እንዳትጥለው።

650 የሚለውን ቁጥር እርሳው። ማን አስገደደህ? 12ኛው ፍሬትህ 322.6 ላይ ነው። የዚያ እጥፍ 645.2 ነው። አለቀ፣ የጊታርህ የክር ርዝመት 645.2 ነው በል። ሳድሉን በዚያ ልክ ትተክላለህ። ኦክታቩ ልክ ይመጣል።

መሐል ላይ ያሉትስ ብለህ እንደምትጠይቅ አውቃለሁ፤ አስልቼልሃለሁ። የመጀመሪያው ፍሬት መሆን ካለበት በ0.1 ሚሊ ነው የሚርቀው። አምስተኛውና ሰባተኛው ላይ ልዩነቱ 0.3 ሚሊ አይሞላም። በድምፅ ሲተረጎም ከግማሽ ቶን መቶኛ አንድ እጅ ገደማ ነው። ጣትህን ትንሽ ጠንከር አድርገህ ብትጫን ከዚያ የበለጠ ትስታለህ።

ሌላ ነገር። አንገቱን 12ኛው ፍሬት የሳጥኑ ጠርዝ ላይ እንዲያርፍ አድርገህ ጠርበኸው ይሆናል፤ አሁን ሰሌዳው 2.4 ሚሊ አጥሮብሃል። ሰሌዳውን ያችን ያህል ወደ ሳጥኑ ገፋ አድርገህ አጣብቀው። በላይኛው ጫፍ የሚከፈተውን ክፍተት ነቱን በማወፈር ትዘጋዋለህ። ነት አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ሚሊ ይወፍራል፤ ያንተ 8 ይሁን። ማንም ልብ አይለውም። ያኔ ብሪጁም (ሳድሉን የሚሸከመው እንጨት) 2.4 ሚሊ ብቻ ወደ ቀዳዳው ይጠጋል፤ ውስጥ ካሉት ብሬሶች ጋር አይጋጭም።

ስድስት ክር፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወም። ከ12ኛው በላይስ? 19ኛው ላይ ስህተቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራል። እኔም አሰላሁት፤ 0.7 ሚሊ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ክሩ እዚያ አጭር ስለሆነ ወደ 6 ሴንት (ሴንት የግማሽ ቶን መቶኛ ነው) ከፍ ይላል።

ጋሽ መላጊያ፦

እውነትህን ነው። 19ኛው ፍሬት ላይ ቤት ሠርቶ የሚኖር ሰው ከሆነ አዲስ ሰሌዳ ይቁረጥ። ለመጀመሪያ ጊታር ግን እኔ ያችን 6 ሴንት እቀበላለሁ።

ስድስት ክር፦

እሺ፣ ተረታሁ። ግድግዳ ላይ ያለውንም ጊታሬን ማታ እለካዋለሁ። ማን ያውቃል፣ እሱም በ18 ተቆርጦ ይሆናል።

ጀማሪ እጅ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ የኔ ዋልነት ርካሽ ነው፣ ቋጠሮም አለው። ሰዎች ሮዝውድ ካልሆነ ድምፅ የለውም ይላሉ።

ጋሽ መላጊያ፦

የዛሬው የናይለን ጊታር መልኩን ያገኘው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ከሚባል የስፔን ሠሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 ተወልዶ በ1892 ያረፈ። እሱ በ1862 አንድ ጊታር ሠራ፤ ፊቱ እንጨት፣ ጎንና ጀርባው ግን በሙጫ የተደራረበ ወረቀት። ሰው ሁሉ ስለ ጎንና ጀርባ ሲጨቃጨቅ፣ ድምፁ ያለው ፊቱ ላይ ነው ለማለት ነው የሠራው። ካርቶን ከሠራ ያንተ ዋልነት ምን ይጎድለዋል? ቋጠሮው ግን መታጠፊያው ላይ እንዳይውል።

ድካምህን ፊቱ ላይ አፍስስ። ከመታኸው እንደ ከበሮ መልስ ይስጥህ። ጠርዝ ጠርዙን ከመሐሉ ትንሽ አሳሳው። ብሬሶቹን ጫፍ ጫፋቸውን በመሮ እየላግህ፣ በየመሐሉ በጣትህ እያንኳኳህ አድምጥ። መጀመሪያ «ጠቅ» ይላል፤ ቆይቶ «ዱም» ማለት ይጀምራል። ዱም ካለ በኋላ መላጉን አቁም። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚጣፍጠውና ፊቱን ወረቀት የሚያደርገው።

ወገበ ቀጭን፦

ሮዝውድን ካነሳችሁ አይቀር፣ የብራዚሉ ሮዝውድ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ እንደ ዝሆን ጥርስ የተከለከለ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ያን ማሳደድ ራስን ማስቸገር ነው። የፍላሜንኮ (የስፔን ሙዚቃ) ጊታሮች ጎንና ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ሳይፕረስ ነው፤ ማንም ድምፅ የለውም ብሎ አያውቅም።

ደግሞ አደራ፣ ስታሸው ማስክ አድርግ። ዋልነትም ሮዝውድም አቧራቸው ቆዳና ሳንባ ይቆጣል። እኔ ችላ ብዬ ሁለት ሳምንት ዓይኔ አብጦ ሠርቻለሁ።

ጀማሪ እጅ፦

እሺ፣ ማስክ ገዛሁ። ሙጫስ? ብሬሶቹን በነጭ ሙጫ ነው ያጣበቅኩት።

ወገበ ቀጭን፦

ለብሬስ ይሁን ግድ የለም። አንገትና ብሪጅ ላይ ግን ነጩን አልመክርህም፤ ደርቆም ቢሆን ከባድ ኃይል ሲቆይበት ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። የናይለን ክሮች ሲወጠሩ አንድ ላይ ወደ 40 ኪሎ ይጎትታሉ። ቀን ከሌሊት፣ ዕረፍት የላቸውም። የአናጺዎች ቢጫውን ሙጫ ተጠቀም።

ጋሽ መላጊያ፦

እኔ ከቆዳ የሚወጣውን ትኩስ ሙጫ ነው የምወደው። ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል፣ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ይላቀቃል፤ የሚቀጥለው ጠጋኝ ይመርቅሃል።

ወገበ ቀጭን፦

ጋሼ እኮ 60 ዲግሪ ላይ ሙጫ እያሞቀ ማደግ ለምዷል። ለጀማሪ ግን ያ ሙጫ ገና ሞርሳውን ሳታጠብቅ ይረጋብሃል። ቢጫውን ያዝ፣ ለሁለተኛው ጊታር ጋሼን ስማ።

ጋሽ መላጊያ፦

እዚህ ላይ አልከራከርም።

ጀማሪ እጅ፦ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

መጥፎ ዜና ይዤ መጣሁ። ጎኖቹን ሳጥፍ አንዱ ወገቡ ላይ ተሰነጠቀ። የብረት ቱቦ በእሳት አግዬ፣ እንጨቱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ነበር። የላይኛው ትከሻ ቆንጆ ሆኖ ታጠፈ። ወገቡ ጋ ስደርስ «ጣ» አለ። ልቤ ነው የተሰነጠቀው።

ወገበ ቀጭን፦

አይዞህ። ሁላችንም ያችን «ጣ» እናውቃታለን። መጀመሪያ ንገረኝ፤ ስንጥቁ ቃጫውን ተከትሎ ነው ወይስ አቋርጦ? በየትኛው ገጽ በኩል ነው? ውፍረቱስ እዚያ ቦታ ላይ ስንት ነው?

ጀማሪ እጅ፦

አቋርጦ አይደለም። እንደ ስንጥር ተነስቷል፣ 3 ሴንቲ ገደማ። ወደ ሳጥኑ ውስጥ በሚዞረው ገጽ በኩል ነው። ውፍረቱን አሁን ለካሁት፣ 2.6 ሚሊ። ሌላው ቦታ 2 ነው። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም።

ወገበ ቀጭን፦

እንግዲያው ዕድለኛ ነህ። ወገብ ከሌላው ቦታ በተቃራኒ ነው የሚታጠፈው። እዚያ የሚለጠጠው የውስጥ ገጽ ነው፤ የሚሰነጠቀውም እሱ። ከውጭ ምንም አይታይም። ስንጥሩ ሥር ሙጫ አስገብተህ፣ ላዩ ላይ እንጨት አስደግፈህ እሰረው፤ በማግስቱ ከውስጥ ስስ የእንጨት ልጣጭ ለጥፍበት። ጥገናው ከአንተ በቀር ምስክር የለውም።

የቀረውን ጎን ደግሞ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሚሊ አድርሰው፤ ወፍራሙ ቦታ አልታጠፍ ሲል ነው የሚሰነጠቀው። ቱቦው ላይ የውኃ ጠብታ ጣል። ተኝታ ከፈላች ገና ነው። እየዘለለች ከሸሸች ደርሷል። እንጨቱን ቱቦው ላይ አስደግፈህ ወዲያ ወዲህ አወዛውዘው፣ ግን አትግፋው። ትንሽ ቆይቶ እንደደከመ ሰው ሲላላ መዳፍህ ላይ ይሰማሃል። ያኔ ብቻ ነው የምትጫነው። በሚለጠጠው ገጽ በኩል ስስ ላሜራ አብረህ ይዘህ ብታጥፍ ቃጫው እንዳይነሳ ይደግፍልሃል። ሲደርቅ እንደገና አርሰው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

አናጺ ነኝ፦

ጎኑ ከዳነ ዘንድ፣ ሳጥኑን ከመዝጋትህ በፊት የእኔን ስህተት ስማ። እኔ አናጺ ነኝ፣ እንጨት አውቃለሁ ባይ። የመጀመሪያ ጊታሬን ጀርባ ብሬስ ያጣበቅሁት ዝናብ ሳያቋርጥ በዘነበበት ሳምንት ነበር። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ በስፋቱ አብጦ ነበር፤ ብሬሶቹ በዚያ ስፋት ላይ ቆለፉት። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም፣ በስፋቱ ግን ይተነፍሳል። አየሩ ሲደርቅ ጀርባው ልጥበብ አለ፣ ብሬሱ አላስጠብብህም አለው። አንድ ማታ እራት ላይ እያለን ከጓዳ የጥይት የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ጀርባው ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል።

ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጥ። ከ40 እስከ 50 በመቶ ሲሆን አጣብቅ። ከዚያ በላይ ከሆነ የዚያን ቀን ሙጫውን ክደነውና ሌላ ሥራ ሥራ፤ አንገት ላግ፣ ነት ሞርድ። ሥራ አይጠፋም።

ጀማሪ እጅ፦

መለኪያው 63 ይላል። ሙጫውን ከድኜዋለሁ። ነት እየሞረድኩ ነው፤ ጋሼ እንዳሉት 8 ሚሊ ወፍራም።

ጀማሪ እጅ፦ (ከአራት ወር በኋላ)

ክር ገባበት!

መጀመሪያ ቁጥሮቹን፣ ቁጥር ወዳድ እንዳይቆጣኝ። ሳድሉን ከነቱ 647.2 ላይ ነው የተከልኩት፤ 645.2 ሲደመር ለክሩ ውጥረት 2 ሚሊ። 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ በቀጭኑ በኩል 3፣ በወፍራሙ 4 ሚሊ ነው። ብሪጁን ከማጣበቄ በፊት ሥሩ ያለውን ሼላክ (የእንጨት ማስዋቢያ ቅብ) ሙልጭ አድርጌ ፍቄ ባዶ እንጨት ላይ ነው ያሳረፍኩት። ሞርሳውን እስከ ማግስቱ አልፈታሁትም።

ቱነር (የቅኝት መለኪያ) አስቀምጬ እያንዳንዱን ክር ክፍቱንና 12ኛው ላይ ለካሁ። አምስቱ ከ2 ሴንት በላይ አልሳቱም። ሦስተኛው ብቻ 6 ሴንት ከፍ አለ። ሰባተኛው ፍሬት ላይ ምንም የሚሰማ ነገር የለም። ፈልጌ አጣሁት። የ18ቱ ጊታር ይዘፍናል!

ሁለት ነገር ግን ቀርቶኛል። ሦስተኛው ክር ከፍ ማለቱ አንድ። ሁለተኛ፣ አንደኛው ክር ክፍቱን ሲመታ ይንዘረዘራል፤ የትኛውንም ፍሬት ይዤ ስመታው ግን ንጹሕ ነው።

ቁጥር ወዳድ፦

አልቆጣም፣ ኮራሁብህ። ሦስተኛው የናይለን ክር የሁሉም ጊታር አመለኛ ነው። ካልተጠቀለሉት ውስጥ ወፍራሙ እሱ ስለሆነ ሲጫን ከወንድሞቹ የበለጠ ይስታል። ሳድሉ አናት ላይ ለእሱ ብቻ የክሩን ማረፊያ አንድ ሚሊ ያህል ወደ ኋላ በሞረድ ውሰደው።

ወገበ ቀጭን፦

ክፍቱን ብቻ የሚንዘረዘር ከሆነ ጥፋቱ ነቱ ላይ ነው። የአንደኛውን ክር ማረፊያ አጥልቀህ ሞርደኸዋል፤ ክሩ የመጀመሪያውን ፍሬት እየነካ ነው። አዲስ ነት አትሥራ። ያን ወፍራም ነት ስትሞርድ የወጣው የአጥንት ዱቄት አለህ?

ጀማሪ እጅ፦

አለኝ እንጂ፤ ወለሉን ገና አልጠረግኩም።

ወገበ ቀጭን፦

እንግዲያው ማረፊያውን በዱቄቱ ሙላው፣ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ጣልበት፣ ይደር። ጠዋት በቀጭን ሞረድ እንደገና ክፈተው። ሦስት ጊዜ ሞርደህ አንዴ መታ እያደረግህ፣ ቀስ እያልክ።

ስድስት ክር፦

የግድግዳውን ለካሁት። 12ኛው ፍሬት ከነቱ 322.7። ሳድሉ 652 ላይ ነው የተተከለው። አሥራ አንድ ዓመት አቧራ ጠርጌለታለሁ። ጋሼ፣ ብሪጅ ሲነቀል ፊቱን ሳይልጥ እንዴት ነው የሚሆነው?

ጋሽ መላጊያ፦

በሙቅ ቢላዋ፣ ልጄ። ለብቻው ርዕስ ክፈትለትና ቀስ እያልን እንሄዳለን። ፎቶ አንሳ።

ጀማሪ እጅ፦

ነቱን ሞልቼዋለሁ። እስኪነጋ ድረስ በአምስቱ ክር እየተጫወትኩ ነው።